ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

ማክሰኞ፣ የካቲት፣ ከቀትር በኋላ፤
ግሪምስቢ፣ ወደቡ ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ፣
ማሞቂያው የሚያንኳኳ፣ ጣራው የሚያፈስ አዳራሽ።
የተገኙ፦ ስድስት ሴቶች። ይቅርታ የላኩ፦ ሁለት።
(ቤረል ጉልበቷን ታማ፣ ኖራ በረዶውን ፈርታ።)
ጸሎት ተደረገ። ሻይ ተቀዳ። ጸሐፊ፦ እኔ።

አንደኛ፦ የሹራብ ቆብ።
ለሆስፒታሉ፣ ቀናቸው ሳይደርስ ለተወለዱ፣
ብርቱካን ለምታክል ራስ፤ አርባ ሦስት ተሠርቷል።

ነጩን የምትሠራው ሙሪየል ብቻ ናት፣
ማንም አይጠይቃት፣ ማንም አያግዛት፤
ቢጫው ለሚተርፈው፣ ቀዩ ለሚያድገው፣
ነጩ ዐይኑን ሳይገልጥ ተመልሶ ለሄደው።
ቁጥሩን መዘገብሁት፣ ቀለሙን ዘለልሁት፤
አርባ ሦስት ብዬ፣ ነጩን እዚያው ደበቅሁት።

ሁለተኛ፦ ወህኒ ቤቱ።
ልጆች አባታቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ የሚጫወቱበት ጥግ።
ቀይ እርሳስ አልቋል፤
ቤት ሲሥሉ ጣራውን ሁሌ ቀይ ያደርጉታልና።
ይገዛ። ተወሰነ።

ያላሰፈርሁት፦
ቅዳሜ ሲመሽበት፣ ሰዓቱ ሲያበቃ፣
አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ፣ ጥርሰ ወላቃ፣
ያባቷን እጅ ለቃ፣ የሙሪየልን ይዛ፣
"የኔ አባት እዚህ ነው፤ ቀኑም ቅዳሜ ነው፤
ያንቺስ ልጅ የት ታስሯል? ቀኑ መቼ መቼ ነው?"
ሙሪየል ጎንበስ ብላ እርሳስ ለቀመች።
መሬት ላይ አንድም የወደቀ እርሳስ አልነበረም።

ሦስተኛ፦ ባሕር ዳር ያለው ካራቫን።
አምስት ልጅ ያላቸው ባልና ሚስት ሳምንት ሰነበቱበት።
የምስጋና ደብዳቤ ደርሷል።
(ፖስታው ሲቀደድ አሸዋ ፈሰሰ፤
ጠረጴዛው ላይ ተበተነ፤ ማንም አልጠረገውም።)

የሙሪየልን ነገር ከተማው ጠንቅቆ ያውቀዋል፤
ባሏ በተቀበረ ማግስት፣ በቤቱ ሽያጭ ሰበብ፣
ከልጇ ከኪት ጋር እንደተኳረፉ፣
አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፈ፣
የገና ካርዷ ሳይከፈት እንደሚመለስ።
ዕቃ ሲያጥቡ፣ ውኃው ሲንሿሿ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣
"የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ይሏታል።
እኔም አንድ ቀን ብያለሁ።
ይህንንም አልጻፍሁትም።

አራተኛ፦ የውጭ አገር ደብዳቤ።
ከቡሩንዲ፣ ከጊቴጋ ኮረብታ፣ ከስፔሲዮዝ፤
ፈረንሳይኛውን ቄሱ ተርጉመውልን፣ እኔ አነበብሁት።
"መቶው ደብተር ደርሶናል። ዝናቡ ዘግይቶ ባቄላው ደክሟል።
ሁለት ባልና ሚስት አስታርቀናል፤ አንዱ ጥንድ ተመልሶ ተጣልቷል።
አሥራ ዘጠኝ ሴቶች ፊደል ለይተዋል።
የየራሳችንን ስም ጽፈን ስናበቃ፣ ቀጥሎ የማንን? ብንል፣
የሁላችን ታላቅ፣ 'ሐሙስ ሐሙስ የምንጠራውን ልጅ' አለች።
ባምናው ደብዳቤያችሁ ጥግ፣ ባንዲት እናት እጅ፣
'ለልጄ ጸልዩልኝ' የሚል ነበርና።"

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥሁ።
በእርሳስ፣ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ፣ አሥራ ዘጠኝ እጅ፦
ኪት። ኪት። ኪት።
አንደኛው ላይ እርሳሱ ወረቀቱን በስቶታል፤
አንደኛው ላይ የፊተኛው ፊደል ፊቱን አዙሯል።

ለካ እሷ የሰውን ስታማስል ውላ፣
የሷ አርሮ እንዳይቀር፣ ከኮረብታ ኋላ፣
አይተዋት የማያውቁ አሥራ ዘጠኝ ሴቶች
ጭልፋ ይዘው ቆመዋል፣ እንደ ጎረቤቶች።

ግሌኒስ የያዘችው ስኒ እጇ ላይ ቀዘቀዘ።
ሙሪየል አላለቀሰችም። መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ ጠረገች፤
"ይቺ ፊደሉን ያዞረችው ደስ ትለኛለች" አለች።

አምስተኛ፦ ልዩ ልዩ። የለም።
ለጊቴጋው ደብዳቤ መልስ እንዲጻፍ ተወሰነ።
ጸሐፊዋ ትጻፍ ተብሎ ነበር፤
ሙሪየል "እኔ እጽፈዋለሁ" አለች፣ ካፖርቷን እየደረበች።
ስብሰባው በአሥር ሰዓት ተዘጋ።

ከገንዘብ ሣጥኑ ወጪ፦ ቴምብር፣ ሁለት።
አንዱ ለውጭ አገር፤
አንዱ ላገር ውስጥ።