ቢጫው ገንዳ

ሁለት ዋጋ ይዞ ወንድሜ ደወለ፤
«ገንዳ ወይስ ሰዎች? ምረጪ» እያለ።
ቤቱ የማዘጋጃ፣ ቀጠሮው ለዓርብ፤
ቁልፉ ከዘገየ የወር ኪራይ ሊታሰብ።

«ገንዳው ስምንት ቀን ነው፣ ሁለት መቶ አርባ ፓውንድ፤
መንገድ ላይ ከቆመ ፈቃድ ይሻል አንድ፤
ፍሪጅ አይቀበልም፣ ቀለምና ፍራሽ፤
የሚሸከመውም እኔ ነኝ፣ አንቺም ነሽ።
ሰዎቹ ግን ሲመጡ በአንድ ቀን ያልቃል፤
አምስት መቶ ሠላሳ፣ የሚሸጥ ካለ ይቀንሳል፤
ሻይሽን ትጠጪያለሽ፣ ቤቱ ይራገፋል።»

አባታችን ኤምሊን ሠላሳ አንድ ዓመት
ላኔሊ ፋብሪካ ቆርቆሮ ዳምጦበት፣
ከምድጃው ፊት ለፊት ቅንድቡ እያረረ፣
ጡረታ ሲወጣ ጣሳ ማጠራቀም ጀመረ።
የብስኩት፣ የትምባሆ፣ የሻይ ቅጠል ጣሳ፤
ላያቸው ላይ በእርሳስ፦ «ብሎን፣ ትንሽ»፣ «ብሎን፣ ትልቅ»፣
«አይታወቅም»፣ «እንዳይረሳ»።

ገማቹ ፕሮበርት ማክሰኞ መጣልን፤
ጫማውን ጠራርጎ «እግዜር ያጽናችሁ» አለን።
ትሑት ነው፣ ቀስ ይላል፣ ዐይኑ ግን ሚዛን ነው፤
ሰዓቱን ሲያየው ሥልሳ ፓውንድ ሆነ፣ ግድግዳ ላይ እንዳለው።
ቁም ሣጥን ከፈተ፤ የአባቴን ካፖርት
በሁለት ጣቱ አንሥቶ ተወው፣ እንደ ባዶ ቅርፊት።
ክፉ አልነበረም። ደብተሩ ላይ ጻፈ።
የአርባ ዓመት ቤት በአንድ ገጽ ታጠፈ።

«ባዕድ አይጨርሰው» አልኩኝ ለወንድሜ፤
«እኔው በገዛ እጄ ልጣለው፣ ቆሜ።»
«ባዕድ ነው የሚሻል፤ እጁ አያውቅም ምን እንደያዘ፤
እኛ ግን በየጣሳው እንቆማለን፣ ልባችን እየተያዘ።»
ሁለታችንም ልክ፤ ያ ነው ያስቸገረው፤
በመጨረሻ ግን የወሰነልን ዋጋው ነው።

ቢጫ ነው። በሰንሰለት እየጮኸ ወረደ፤
ሰፈሩ በሙሉ በመጋረጃ ስንጥቅ ታደመ፣ ፈረደ።
እሑድን ሞላነው፦ ምንጣፍ፣ ወንበር፣ የመብራት ግንድ፣
ጣሳ በጣሳ ላይ፣ ኳኳታው የሚነጉድ።
የቆርቆሮ ጩኸት፤ ፋብሪካው እንደ ድሮ
የተከፈተ መሰለኝ፣ ለአንድ ከሰዓት ተቀጥሮ።

ሌሊት ግን ሰው መጣ፣ በባትሪ፣ በስልክ መብራት፤
ልንጮህ ነበር ቆመን፦ «ማነው የሚጥልበት?»
አልጣሉም። አወጡ። ወይዘሮ ማዶክ፣ ከፊት ለፊት፣
የመብራቱን ግንድ እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች ቤት።
ዴልዊን፣ የአናጢው ልጅ፣ መዝጊያ ተሸከመ፤
ማንም ምንም አላለ፤ ማንም አልተሳለመ።
ፕሮበርት በደብተሩ የማይገዛውን
በነጻ ወሰዱት፣ ተራ ተራቸውን።

ሊነጋጋ ሲል ደግሞ ኮሽታ ሰማሁኝ፤
«አሁንስ ማን ቀረ?» ብዬ በካልሲ ወጣሁኝ።
ጌሬንት ነው። ወንድሜ። «ባዕድ ይሻላል» ያለው፣
ጉልበቱ ድረስ ገብቶ ገንዳው ውስጥ የሚቆፍረው።
«ያቺ ጣሳ» አለኝ፣ «'እንዳይረሳ' የተጻፈባት።»
ዝናብ በአንገቱ እየገባ፣ አገኛት። ከፈታት።
አንዲት ወረቀት ናት፣ በአባቴ እጅ የተጻፈች፤
ቀን የላት፣ ዓመት የላት፣ ለሁለት የታጠፈች፦

«ወተት።
አምፖል።
ጌሬንት ጋ መደወል።»

ደውሎ ነበር? አልጠየቅኩም።
እሱም አላወቀም።

ሐሙስ ዕለት ሹፌሩ ሰንሰለቱን ሊያስር ሲል
ፊቱን አጨማደደ፦ «ፍራሽ አንቀበልም! ተጽፏል በውል።»
የኛ አልነበረም። ባለ አበባ፣ ዘንበል ያለ በአንድ ጎን፤
ሌሊት ማን እንደጣለው እንጃ፣ የማን እንቅልፍ እንደሆን።
ጌሬንት ቦርሳውን አወጣ፤ ሃያ ፓውንድ ቆጠረ፤
ገንዳው ተንጠለጠለ፣ ዞረ፣ ከነፍራሹ በረረ።
አስፋልቱ ላይ የቀረው አራት ማዕዘን ደረቅ መሬት፤
ቆየን ሁለታችን፣ ዝናቡ እስኪሞላበት።