ሁለት የጫማ ሳጥን

ሰርዲን ይታሸግበት በነበረው ቤት፣
ከደረጃው ሥር፣ እስከ ዛሬ ጨው በሚሸትበት፣
አንድ ጠረጴዛ አለን፣ እግሩ በካርቶን የተደገፈ፤
ሁለት ስልክ፣ የአንዱ ሽቦ በፕላስተር የተለጠፈ፤
ሁለት የጫማ ሳጥን፣ ቀይ ማርከር የነካቸው፤
«የጎደለ» እና «ያለ» ነው ስማቸው።

ዶሪንዳ ናት የምትድራቸው።

ሠላሳ ዓመት ፖስታ አድርሳ፣
የዚችን የፖርቱጋል ወደብ ደጅ ሁሉ በእግሯ ዳስሳ፣
የትኛው በር ላይ ውሻ እንደሚናከስ፣
የትኛው ደወል እንደማይሰማ፣ ማን ደብዳቤ ሲደርሰው እንደሚያለቅስ፣
ታውቃለች።
ጡረታ ስትወጣ ጉልበቷን ለዳገቱ ትታ፣
የቀራትን ይዛ መጣች፤ አድራሻና ትዝታ።

ሥራዋ ሽምግልና ነው፤ ካርድን ከካርድ ማጋባት፤
የሕፃን አልጋ አቧራ የሚጠጣበትን ሰው፣ ልጅ ልትወልድ ከደረሰች እናት፤
ሐሙስ ሐሙስ ሱቁን የሚዘጋውን ባለመኪና ጸጉር አስተካካይ፣
ሆስፒታል ከተቀጠረች፣ መስኮት ላይ ተቀምጣ መንገድ ከምታይ።
ጥሎሽ የለ፣ ድግስ የለ፤
«ደወሉ አይሠራም፣ በእጅ አንኳኩ» የሚል ወረቀት ብቻ አለ።

ማክሰኞ። ዝናብ።
«አምፖሌ ተቃጠለ» አለ ኤቫሪስቶ፣
አራተኛ ፎቅ፣ የድሮ የመርከብ መካኒክ። ትንሽ ቆይቶ፣
«እንዲያው... ማን ይሆን የሚመጣው?» ብሎ ጠየቀ።
በወር ሦስት አምፖል? የዶሪንዳ እስክሪብቶ አየር ላይ ደረቀ።
«ያለ» የሚለውን ሳጥን አገላበጠች፤
ተወችው። ሌላውን ከፈተች፤
ከጎደላቸው መሀል አንድ ካርድ መዘዘች።

ዲፔንድራ። ከኔፓል። የሌሊት ሠራተኛ፣ ዓሣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ነው።
የጎደለው፦ ካፖርት፤ ቋንቋ የሚያለማምደው ሰው።
በጥግ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ፦ «ያለኝ ጉልበት ነው።»

«ተሳስተሻል» አልኳት፣ «ሁለቱም እኮ ተቀባይ!»
«የግራ ጫማና የቀኝ ጫማ» አለችኝ፣ «ለየብቻ ጎደሎ አይደሉም ወይ?»

ኋላ የሰማሁት ይኸው ነው፤
ልጁ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉን ነካ አደረገው።
አልተቃጠለም። ላልቶ ነበር። እጅ ነው ያላላው፤
የሚንቀጠቀጥ እጅ፣ ምናልባት ትናንት ማታ፣ በዚያው ወንበር ላይ ቆሞ።
ዲፔንድራ ምንም አላለም። አንደኛ፣ ቃሉ የለውም።
ሁለተኛ፣ ቃሉ ቢኖረውም።
አጠበቀው። በራ።
«ሉዝ» አለ ኤቫሪስቶ፤ ብርሃንን በአገሩ ስም ጠራ።
«ሉዝ» አለ ልጁም። ካፖርቱ በሦስተኛው ሳምንት መጣ፤
የሽማግሌው ነበር፣ የሞተር ዘይት ሽታው ያልወጣ።

ያ አምፖል፣ ላልቶም ጠብቆም እንደሚነበብ ቃል፣
ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ማክሰኞ ላልቷል፤
አሥራ አንድ ማክሰኞ ጠብቋል።

በወሩ መጨረሻ ከማዘጋጃ ቤት ቅጽ ይመጣል።
«ሰጪ ስንት? ተቀባይ ስንት?» ይላል።
የምሞላው እኔ ነኝ። ኤቫሪስቶን የት ላስገባው?
ልጁንስ? መስመሩ ላይ ጻፍኳቸው፤ ቀለሙ ወዲህም ወዲያም ነካው።

ትናንት ዶሪንዳ ደረጃውን ስትወርድ አየኋት፣
በጎን፣ እንደ ሸርጣን፣ ግድግዳው እየደገፋት።
ለራሷ ካርድ የላትም። ጠይቃ አታውቅም።
እስክትሄድ ጠብቄ አንድ ጻፍኩ፦ «የጎደላት ጉልበት።» ሌላ አልጨመርኩም።
ከዲፔንድራ ካርድ ጎን ሸጎጥኩት፤ ጉልበትን ከጉልበት።

ዛሬ ጠዋት ሳጥኑን ስታገላብጥ እጇ እዚያ ላይ ቆመ።
እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።
ስልኩ ጮኸ። በግራዋ አነሳችው፤
በቀኟ ካርዱን እንደያዘችው።