ገበያ ያልወጣ ብርድ ልብስ

ጋሽ ዘርጋው ዘረጋው ነጩን ብርድ ልብስ፣
ጥራት ክፍል ጥሎት ገበያ የማይደርስ፤
ደብረ ብርሃን፣ የፋብሪካው ክበብ፣ የገና ዋዜማ።
መብራት ጠፋ፤ ማሽኑ ሲያንኮራፋ ተሰማ።

በዚያ ላይ ዘነበ የፈረንጅ አመዳይ፤
ባቡር ያመለጠው፣ ሻንጣው ትከሻው ላይ፣
በጉንጩ የሱፍ ክር፣ በግንባሩ ስፌት፣
ይገሰግስ ነበር ለበዓሉ እራት።

ቋንቋው ቢቸግረን ዘርጋው ተረጎመ፦
«ዶሮ የሚያርድ ጠፍቶ ቤቱ እንደጾመ…»

ደጃፉ ደረሰ፤ እጁን አነሳና…
ቀጭ!
ፊልሙ ተቆርጦ፣ ብርድ ልብስ ሆነና፣
እንዳምናው፣ እንዳቻምናው፣ ሳያንኳኳ ቀረ፤
ከዚያ ሁሉ ተመልካች ማነው ያማረረ?

ስወጣ ምድሩ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር ነው፤
እስከ ጠባሴ ድረስ ቀለም አንድ የለው።
ቁልፍ ነበር ኪሴ፤ ግን እጄን አነሳሁ፤
ስለዚያ ሰውዬ
በሩን አንኳኳሁ።