በሳህን ላይ ሳህን

በራሺድ ወደብ፣ ከመርከቡ መግቢያ፣
አንገቱ ላይ ሻርፕ ያሰረ ልጅ
«እራት ቀደም ያለው ይሁን ወይስ የዘገየው?» አለን።
«ስድስት ሰዓት አለ፤ ስምንት ተኩል አለ።»

ጥሩዓለም ሳቀች።
ስድስት ለእኛ ወይ ምሳ ነው ወይ እኩለ ሌሊት።
አሥራ አራት ዓመት እዚህ ኖረን
ዛሬም በልባችን ከሰዓቱ ስድስት እንቀንሳለን፣
እንደ ቀረጥ።
አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወይስ ሁለት ተኩል?
ከኋላችን ሰልፍ አለ፣ የሚያለቅስ ሕፃን አለ፣
ኮፍያዋ እንደ ጃንጥላ የሰፋ አሮጊት አለች።
እኛ ግን ቆመን ቀረን፣
ዳኛ ፊት እንደ ቀረቡ ባልና ሚስት።

ልጁ ምን ያውቃል?
እኔ ዴይራ ዓሣ ገበያ በረዶ እዝቃለሁ፤
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ሙአዚኑ ጉሮሮውን ሳይጠርግ፣
ሐሙሩን ዓይኑ ድረስ አለብሰዋለሁ።
ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዴ ይጮኻል፤
ከዚያ ወዲያ ያለውን ዓለም በወሬ ነው የማውቀው።
እሷ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ፣ ምድር ቤት፣
መስኮት የሌለበት፣
ሰው የተኛበትን አንሶላ ስታጥፍ ታድራለች።
ስገባ ትወጣለች፤ ስትገባ ወጥቻለሁ።
ትዳራችን ደረጃ ላይ ነው፤
ሦስተኛ ፎቅ፣ አምፖሉ የተቃጠለበት መታጠፊያ።
«ጋዙን ዘግተሻል?»
«ዘግቻለሁ።»
«ደህና ዋይ» እላታለሁ፤ «ደህና እደር» ትለኛለች፤
የእሷ ሲነጋ የእኔ ይመሻል።

ምድጃው ላይ ግን ሁልጊዜ
በሳህን ላይ ሳህን ተደፍቶ ይጠብቀኛል፣
ውስጡ ላብ ያወጣ፣ ለብ ያለ።
ስገልጠው ልቧን አነባለሁ፦
ቃሪያው ከበዛ ተቆጥታለች፣
ምስር ብቻ ከሆነ ደመወዝ ዘግይቷል፣
እንቁላሉ ሁለት ከሆነ ታርቀናል።
እኔም በተራዬ ከመውጣቴ በፊት እከድንላታለሁ፤
ዓሣ። ሁልጊዜ ዓሣ። ይቅር ትበለኝ።

እንዲህ ነው የተጣላነው፣ እንዲህ ነው የተዋደድነው።
ቀደም ያለው ገበታ እኔ፣ የዘገየው እሷ፣
ማንም ወረቀት ይዞ ሳይጠይቀን።

ትኬቱ የዕጣ ነው፤
ሆቴሉ ለአሥር ዓመት አገልግሎት የሰጣት፣
ሦስት ሌሊት፣ ኸሰብ ደርሶ መልስ።
ልጁ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን ሲመታ
አፋችን እኩል ተከፈተ።
«የዘገየው» አልኩ፣ እሷ እንዳትጣደፍ ብዬ።
«ቀደም ያለው» አለች፣ እኔ እንዳልራብ ብላ።
«ታዲያ ለየብቻ ላድርግላችሁ?»
«አይሆንም!»
ይህን ደግሞ አብረን ነው ያልነው።
አሮጊቷ አጨበጨበች፣
ምን እንዳልን ሳታውቅ።

ሁለት ተኩል ሆነ።
ጥሩዓለም የጠረጴዛውን ጨርቅ ጫፍ ዳበሰችና
«ስታርች አብዝተውበታል» አለች።
ዓሣው መጣ፤ ዓይኑን አየሁና
«የትናንት ነው» አልኩ።
ሥራችንን ተሸክመን ነው ለካ ባሕር የወጣነው።
ከዚያ ዝም።
ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ምን እንደሚባባሉ
ማን አስተማረን?
ደረጃ የለ፣ ጋዝ የለ።
ሾርባዬ ላይ አንቀላፋሁ፣
ነቃሁ፣ አፍሬ ፊቴን ልታጠብ ተነሣሁ።
በመስኮቱ የዴይራ መብራት
ሚዛን ላይ እንደ ቀረ የዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል።
ጥቂት ቆምኩ።

ስመለስ
ምግቤ ላይ የራሷን ሳህን ደፍታበታለች።
አስተናጋጁ ሊያነሣ እጁን ዘርግቶ
በዓይኗ አስቁማዋለች፣ ግራ ገብቶታል።
«ጥሩዬ፣ እዚሁ እኮ ነኝ።»
«አውቃለሁ፤ እንዳይቀዘቅዝብህ ነው።»

ተቀመጥኩ። ገለጥኩት።
ከሰላጣው ጎን፣ አንድ ብቻ የነበረው
እንቁላል ሁለት ሆኗል።

ተጣልተን ነበር እንዴ?