እጥፍ ሂሳብ

ካፊያው ሳያባራ፣ ከመናኸሪያው በር
ባጃጄ ውስጥ ሲገባ
በጋዜጣ የጠቀለለው ዕቃ ታቅፎ ነበር።
"ምንድነው?" ብለው "መብራት ነው" አለኝ፤
ድምፁን ስለየው ደሜ ፈላብኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ በቴሌቪዥናችን፣
መበለት ከነልጇ ከቤት ያስወጣብን፣
እናቴ ጫማዋን ያነሣችበት ነው፤
ያ አራጣ አበዳሪ፣ ብብቱ ደብተር ያለው።

ከዚያ በፊት ዘበኛ፣ ከዚያ በፊት ዳኛ፣
አንድ ጊዜ ሬሳ፣ አንድ ጊዜ በረኛ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በር ከፍቶ፣ በር ዘግቶ፣
መጨረሻ ላይ ስሙ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ተኝቶ።

"ላንተ እጥፍ ነው!" አልኩት፣ "የመበለቷ ዕንባ!"
አልተከራከረም።
የአወይቱን ድልድይ እስክንሻገር
አውራ ጣቱን በምራቅ እያራሰ
ብሩን አንድ ባንድ ቆጠረ፣
ልክ እንደ ሐሙሱ።

ማታ ዜና ላይ ነው ጋዜጣው የተፈታ፦
"ምርጥ ረዳት ተዋናይ፣ ሸምሱ አባ ጊሳ!"
ለካ ስም ነበረው።
"መብራቱ" እጁ ላይ ወርቅ መስሎ ሲያበራ
እናቴ አጨበጨበች፣ ጫማዋን ረስታ።

ጠዋት ትርፉን ይዤ ቆጪ በሩን መታሁ፤
"ይቅርታ ጋሽ ሸምሱ፣ አላወቅሁም" አልሁ።
ብሩን አየ፤ እኔን አየ፤ ቅንድቡን ቋጠረ፤
ከሐሙስ ድምፁ ላይ ትንሽ ተበደረ፦

"ወለዱስ?"