የአንገቷ ክር

ሙሐረቅ፣ ዓርብ ቀን፣ ከስግደት በኋላ፣
ሙቀቱ ከግንቡ ሥር ተጋድሞ እንደ ጥላ፣
ዳናን በእጄ ይዤ፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣
ገባን ከአሮጌ ቤት፣ በሩ ዝቅ ካለው።

«እዚህ ምን አለ?» አለች። «መጫወቻ» አልኳት።
«እነካለሁ?» አለች። «አይነካም» ብዬ ያዝኳት።
መጫወቻ አይነካም! ለራሴም ገረመኝ፤
በዐይኑ ብቻ የሚጫወት ልጅ የትም አልገጠመኝ።

ቡ ያዕቁብ አስጎብኚው፣ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣
በምርኩዙ ጫፍ እየጠቆመ መስታወቱን፣
«ይህ መርከብ የላምባ ጣሳ ነው፣ እኛ የቀደድነው፣
አባቶች ዕንቁ ፍለጋ ባሕር ሲወርዱ የሠራነው።
አራት ወር ይቆያሉ። እኛ ከዳር ቆመን
ጣሳውን እንልካለን፣ ‹ፈልጋቸው› ብለን።
አንዳንዱ ይመለሳል።» ጣሳውን ይሁን አባትን፣
አልለየም። እኛም አልጠየቅን።

ከዘንባባ ዘንግ የተሠራ ፈረስ፣
ስንት ተጋልቦበት እስካሁን የማይፈርስ።
ከዚያ ነዳጅ መጣ። ከነዳጅ ጋር ዳክዬ፣
ቁልፏን ሲጠመዝዙ የምትል «ወዬ»፤
ከዚያ ፕላስቲክ መጣ፣ ከዚያ ባትሪ መጣ፣
ባትሪው ባለቀ ቀን ጨዋታም የታጣ።

ዳና አዛጋች። ስልኬን ጠየቀችኝ።
ልሰጣት እጄን ስሰድ፣ አንድ ነገር ያዘኝ።

ከጥጉ፣ ከታች፣ አምፖሉ ከሚርገበገብበት፣
የጨርቅ አሻንጉሊት፣ መዳፍ የማይሞላ ቁመት፤
ዐይኗ ሁለት ስፌት፣ አፍ እንኳን የላትም፣
ጽሑፉም አጭር ነው፦ «ሠሪዋ አይታወቅም።»
አንገቷ ላይ ግን፣ በሰማያዊ ክር፣
ሦስት መስመር፣ ነጥብ፣ ኮከብ ከአገጭ ሥር።

ይህን አንገት ዐውቃለሁ፤ ክሩን ሳይሆን መስመሩን፣
እናቴ በልጅነቷ በእሾህ የተነቀሰችውን፣
ሠርግ በመጣ ቁጥር ነጠላዋን ገለጥ የምታደርግለትን፣
ስታረጅ እንኳ ያልለቀቃትን።

ዳና አፍንጫዋን ከመስታወቱ አጣበቀች።
«አንገቷን ማን ነው እስክሪብቶ የነካባት?» አለች።
«ንቅሳት ነው» አልኳት። በአረብኛ ቃሉ ጠፋኝ።
የራሴን እንዳላሳያት፣ የእኔ አንገት ባዶ ነው፤
«ዘመኑ አልፏል» ብላ እናቴ ተወችኝ።

ሽማግሌውን ጠየቀችው፣ ፈጥና፣ በአረብኛ።
ምርኩዙን ዝቅ አደረገ። ዝም አለ፣ እንደ ተኛ።
«በአያቴ ቤት» አለ፣ «አንዲት ሴት ነበረች፤
በጀልባ መጣች ይላሉ፣ ከየት እንደሁ አልነገረች።
ዘዕፈራን ነበር ስሟ። ማለት፣ እኛ ያወጣንላት።
ሌላ ስም ይኖራት ነበር፤ ማንም አልጠየቃት።
እኛን ታሳድጋለች፣ ማታ ማታ ትሰፋለች፤
ለማን እንደሆነ እንጃ፣ እዚህ እንኳ አልወለደች፣
ከባሕሩ ማዶ ካልሆነ» አለና ጉሮሮውን ጠረገ፣
ስለ ብዩ ስብስብ ማስረዳት ፈለገ።

እኔ ግን ቀረሁ። ከመስታወቱ ላይ
የእኔ ፊት ከሷ ፊት ተደርቦ ሲታይ፣
የማውቃቸውን ስሞች አንድ በአንድ ሞከርኩ፦
ጫልቱ? ሎሚ? ይመኙሻል? መልስ ጠበቅኩ።
አፏን ሳትሰፋላት የቀረችው
ሆን ብላ ይሆን? ብዬ ጠረጠርኩ።

ማታ ዳና ወጥ ቤት መጣች፣ ጣቷ ቀለም ብቻ፣
ያቺን ባለ ወርቃማ ጸጉር ይዛ፣ የፕላስቲክ መጫወቻ፤
በእስክሪብቶ ሦስት መስመር፣ ነጥብ፣ አገጯ ሥር ኮከብ።
እናቷ አየችና፣ «ይህ ምን ጉድ ነው? ይታጠብ!»

አጠብኩ። በስፖንጅ፣ በሳሙና አረፋ።
ሁለቱ መስመር ሄደ፣ ኮከቡም ጠፋ።
ሦስተኛው ከጸጉሯ ሥር፣ ከማጅራቷ በኩል፣
ቀረ። አልደረስኩበትም። ወይም
ደርሼ ተውኩት እንበል።