ልክ

የሰው ልክ ስወስድ ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤
ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ሜትሬ የሚያውቀው።
ማን እንደ ከሳች፣ ማን እንዳረገዘች፣
ማን ሣቋን ለብሳ ሐዘኗን እንደያዘች፣
ጨርቅ ሳልቆርጥ በፊት በእጄ እለያለሁ፤
ከአንገት እስከ እግር ሰው አነባለሁ።

የራሴን ቀሚስ ግን በግምት ነው የምሰፋው።

በመጋቢት፣ አንድ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ፣
መብራት ጠፍቶ፣ መኪናው ተኝቶ፣ ሥራችን ሲላላ፣
ይሁኔ፣ ለማጁ ልጅ፣ ሜትሩን አንሥቶ
«እትዬ የሻረግ፣ ይቁሙልኝ» አለኝ፣ ልክ መለማመድ ሽቶ።

ቆምኩለት።
አንገቴን ለካ። ጀርባዬን ለካ። ትከሻዬ ላይ ሲደርስ ቆመ፤
ሜትሩን አገላብጦ አየ፤ ደገመ።
«ተሳስቼ ነው መሰል» አለኝ እየፈራ፣
«ሁለት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል የግራ።»

ሣቅሁ። «ሜትሩ ነው የተለጠጠ» አልኩት።

ማታ ግን በመስተዋት፣ ሻማ ይዤ ሳይ፣
ትከሻዬ ተሰቅሏል፣ ወደ ጆሮዬ፣ ወደ ላይ፣
የማይታይ ነገር እንደጨበጠ።
«ምን ይዘሃል?» አልኩት።
ዝም።
ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀው
በአንድ ሌሊት ጥያቄ ቃል ከየት ያፍልቀው?

ብርድ ነው እል ነበር። የወንበሬ ጥፋት። መጎንበስ።
ቅባት ተቀባሁ፣ እንክብል ዋጥኩ፣ ጸበል ጠጣሁ፣ ሁሉም መልካም፤
ግን ማንም፣ እኔም፣ ጠጋ ብለን
«ምን ሆንህ?» አላልነውም።

ከሱቄ እስከ ጣና ስድስት መቶ እርምጃ ነው።
ስድስት ዓመት በሌላ መንገድ ዞርኩ፤
ዓሣ እንኳ ያስገዛሁት በሰው ነው።

እሑድ ሄድኩ። ከጊዮርጊስ በታች፣ ደንገሉ ከሚጀምርበት፣
ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ፣ ድንጋዩ የሌሊቱን ብርድ ባልለቀቀበት።
አንዲት ሻላ ምንቃሯን ደረቷ ላይ አስተኝታ ትተነፍሳለች።
እኔም ትንፋሼን ቁልቁል ላክኋት፤ ከጉሮሮዬ ትመለሳለች።

አልገፋኋትም።
ስፌትም እንዲህ ነው፤ ጨርቁን ስትጎትቺው ይተረተራል፣
ስትለቂው መኪናው ይወስደዋል፤ መንገዱን ያውቃል።

እግሬን አዳመጥኩ፤ ቀዝቅዟል። ጉልበቴን፤ ይንቀጠቀጣል።
ሆዴን፤ እንደ ጠበቀ ቋጠሮ። መንጋጋዬን፤ ጥርሴን ነክሷል።
ከዚያ ወደ ላይ፣ ግራ ትከሻዬ ጋ ስደርስ፣
ጀመረ ማልቀስ።
እሱ ነው ያለቀሰ፤ ዓይኔ ደረቅ ነበር።

ጀልባ ይዤ ነበር።
በግራ እጄ የተገለበጠችውን ጀልባ ጠርዝ፣
በቀኜ የእኅቴን የጥሩወርቅን አንጓ፣
እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ።
ማዕበሉ ሦስቴ መጣ። በሦስተኛው ቀኜ ባዶ ነበር።
ጎትተው አወጡኝ። አለበሱኝ። ለቅሶ ነበር፣ ተዝካር ነበር።
እኔ ወጣሁ።
ግራ እጄ ግን አልወጣም፤
«ደርሰናል» ያለው የለም።
እስከ ዛሬ ውኃው ላይ ነው፣ ጠርዙን ይዞ፣
ለእኔ ነፍስ ሲታገል፣ ደንዝዞ።

እኔ ስረግመው ኖሬያለሁ።

በቀኝ መዳፌ ሸፈንኩት፣ ሙቀቱ እስኪገባው።
«ከሥራችን ድንጋይ ነው» አልኩት። «መሬት ነው። ይኸው።
ደርሰናል። ልቀቅ።»
ወዲያው አልለቀቀም። ማን ይለቃል ወዲያው?
ግን አንዲት ትንፋሽ ወረደች፤ እስከ ሆዴ፤ ቆጠርኳት።
ሻላዋ ተነሥታ ሄደች። አላየኋት።

ቀኜን ገና አልጠየቅኩትም።
እሱ ሌላ ቀን። እሱ ብዙ ይላል።

በሳምንቱ ይሁኔ ደግሞ ለካኝ። «አንድ ተኩል!» አለ፣ ደነቀው።
«ሜትሩ ነዋ የተለጠጠ» አለኝ፣ ሣቅ እየተናነቀው።
«የለም» አልኩት፣ «ልክ ነው።»

ለራሴ ቀሚስ ቆረጥኩ፣ ውኃ ሰማያዊ፣ በግምት ያይደለ፣
ግራው ከቀኙ በአንድ ተኩል ከፍ ያለ፣
ልክ እንዳለሁ፤
ለሚወርደውም፣ ከስፌቱ ውስጥ
ትርፍ ጨርቅ ትቻለሁ።